ኮች፣ ሜንተር፣ አማካሪ ወይስ አለቃ? ለየትኛው የሥራ ችግር ማንን መጥራት ይሻላል

ሐምሌ ገብቶ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ከሰንጋ ተራ እስከ ካዛንቺስ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት ክፍሎች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፦ «ለመካከለኛ ኃላፊዎች የኮቺንግ አገልግሎት እንዲዘጋጅ።» ኮቺንግ ባለሙያው (ኮቹ) እየጠየቀ ተገልጋዩ መልሱን ራሱ እንዲያገኝ የሚያግዝበት አገልግሎት ነው። ደብዳቤውን የጻፈውን ክፍል ጠጋ ብሎ ለጠየቀ ግን፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። አንዱ ክፍል የሚፈልገው የሪፖርት አጻጻፍ ስልጠና ነው። ሌላው አሠራሩ ስለተተበተበበት ሒደቱን አጥንቶ የሚያስተካክልለት ባለሙያ ይሻል። ሦስተኛው ደግሞ ፊት ለፊት ሊገሥጸው ያፈረውን ሠራተኛ በእሱ ፋንታ የሚገሥጽለት ሰው ነው የቸገረው። ለሦስቱም አንድ ኮች ይቀጠርና በታኅሣሥ ግምገማ ላይ «ኮቺንግ እኛ ጋ አይሠራም» ይባላል።

ይህ መመሪያ ደብዳቤው ለሚደርሳቸው የሰው ሀብት ባለሙያዎችና በሥራቸው ሰው ለሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች የተዘጋጀ ነው። ዋናው ሥራ ከውሉ በፊት ያለው ነው፤ ችግሩን ከትክክለኛው ሰው ጋር ማገናኘት።

ሁለት መለያ ጥያቄዎች

«ኮች ይጠይቃል፣ ሌላው ይመክራል» የሚለው የተለመደ መለያ ብዙ አያስኬድም። ሐኪምም ይጠይቃል፣ ኦዲተርም ይጠይቃል፤ አማካሪ ድርጅትም ሥራ ሲጀምር መጠይቅ ይበትናል። እነዚህ የሚጠይቁት ራሳቸው አውቀው መልስ ለመስጠት ነው። ኮች ግን የሚጠይቀው ተገልጋዩ ሲናገር የራሱን ሐሳብ ሰምቶ እንዲያጠራው ነው። ኮቹ ጉዳዩን ጨርሶ ባይረዳው እንኳ ንግግሩ የተሳካ ሊሆን ይችላል።

የሚሻለው መለያ በሁለት ጥያቄዎች ነው። አንደኛ፣ መልሱ ያለው ማን ጋ ነው? ሁለተኛ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረው ነገር ማን ጆሮ ይደርሳል?

አሰልጣኝ መልሱን ይዞት ይመጣል፤ ለሁሉም ተሳታፊ አንድ ዓይነት ነው፣ የተነገረውም ሁሉ አደባባይ ነው። አማካሪ መልሱን አጥንቶ ያገኘዋል፤ የሰማውን ሁሉ አደራጅቶ በሪፖርት ለማኔጅመንቱ ያስረክባል። ሜንተር፣ ማለትም በዚያው ሥራ ያለፈ ባለ ልምድ ሰው፣ መልሱን ከኖረበት ሥራ ያወጣዋል። አለቃ መልሱን ይወስናል፤ የሰማውም ነገር ቢፈልግም ባይፈልግም በዓመት ሁለት ጊዜ በሚሞላው የአፈጻጸም ምዘና ቅጽ ላይ ጥላውን ይጥላል። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሠራው ከሰውየው ጤና ጋር ነው፤ ምስጢሩ በሙያው ሥነ ምግባር ይጠበቃል። ኮች ጋ ሲመጣ መልሱ ተገልጋዩ ጋ እንዳለ ታሳቢ ይደረጋል፤ ምስጢሩ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከፋዩ መሥሪያ ቤት በፈረመበት ስምምነት ይታጠራል። ሁለተኛው ነጥብ ሁልጊዜ ስለሚዘለል ወደ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

ሙያው ራሱ ወጣት ነው። በዘርፉ ትልቁ ማኅበር፣ ዛሬ ዓለም አቀፍ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ወይም አይ ሲ ኤፍ የሚባለው፣ የተመሠረተው በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። በአብዛኛው ዓለም «ኮች» የሚለው መጠሪያ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ በሕግ የተጠበቀ አይደለም። ስለዚህ በቢዝነስ ካርድ ላይ የተጻፈው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

አንድ አቤቱታ፣ ስድስት ሰሚ

ልዩነቱ በትርጉም ከሚብራራ ይልቅ በአንድ ጉዳይ ላይ ቢታይ ይሻላል። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የብድር ትንተና ክፍል ኃላፊ የሆነች ባለሙያ እናስብ። ወደ ኃላፊነት ካደገች 8 ወር ሆኗታል፤ በሥሯ 11 ሰው አለ። ማታ እስከ 2 ሰዓት ቢሮ ታመሻለች። አቤቱታዋ ይህ ነው፦ «ልጆቹ አይሠሩልኝም፤ ፋይሉን ሁሉ መልሼ የማርመው እኔው ነኝ።»

የቅርብ ኃላፊዋ ይህን ሲሰማ ይወስናል። «የተጠራቀመው ፋይል እስከ መጋቢት 30 ይለቅ፤ አነስተኛ ብድሮችን ለምክትልሽ ልቀቂ» ይላታል። መብቱም ሥራውም ነው፤ ለዚህ ኮች መጥራት ከኃላፊነት መሸሽ ይሆናል።

ሜንተሯ፣ ከዓመታት በፊት በዚያው ወንበር የተቀመጡ ሌላ ዳይሬክተር፣ የራሳቸውን ያካፍሏታል። «እኔ መጀመሪያ የለቀቅሁት የእድሳት ፋይሎችን ነው፤ አዲስ ብድር እስከ ስድስት ወር ከእጄ አላወጣሁም። ደግሞ የሪስክ ክፍሉን ኃላፊ ላስተዋውቅሽ፤ ከእሱ ጋር ከተግባባሽ ግማሹ ሥራ ያልቃል።» እዚህ ሁለት ነገር ተሰጥቷታል፤ ልምድና ሰው። ሁለተኛውን ኮች ሊሰጣት አይችልም።

አሰልጣኝ ሥራን በውክልና ስለመስጠት የ2 ቀን ስልጠና ይሰጣል። እሷ ከ25 ተሳታፊ አንዷ ናት። ውክልና እንዴት እንደሚሰጥ ሰምታ የማታውቅ ከሆነ ይህ ከሁሉም ርካሹና ፈጣኑ መፍትሔ ነው።

አማካሪ በቢጋር (የሚሠራው ሥራ በተዘረዘረበት ሰነድ) ተቀጥሮ አንድ ፋይል ስንት እጅ እንደሚያልፍ ይቆጥራል። ቆጥሮም በብድር ማኑዋሉ መሠረት መጠኑ ምንም ይሁን ምን እያንዳንዱ ፋይል የእሷን ፊርማ እንደሚጠይቅ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ችግሩ ሴትየዋ አይደለችም፤ ማኑዋሉ ነው። የፊርማ ጣሪያው ካልተሻሻለ ዓመት ሙሉ ኮቺንግ ብትወስድ ማታ 2 ሰዓት መውጣቷ አይቀርም። ኮቺንግ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ይህ ሳይጠና የሚታለፍ ዋነኛው ነው። የመዋቅር ችግር በሰው ጠባይ ላይ ሲለጠፍ ሰውየው ደግሞ ተጨማሪ ጥፋተኝነት ተሸክሞ ይወጣል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌላ አቅጣጫ ይጠይቃል፦ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብ ይበላልሻል፣ ይህ ስሜት ከሥራ ውጭም አለ ወይ።

ኮች የሚይዘው ከዚህ ሁሉ የተለየ ጫፍ ነው። «ትናንት ያረሟቸውን ፋይሎች እስቲ አንድ በአንድ ይንገሩኝ። የትኛው ስህተት ቢያልፍ ባንኩን ይጎዳ ነበር? የትኛውስ እርስዎን ብቻ ያስከፋ ነበር?» ሴትየዋ ከዘረዘረቻቸው አሥር እርማቶች ሰባቱ የአጻጻፍ ምርጫዋ እንደሆኑ ራሷ ትደርስበት ይሆናል። ከዚያ «እነዚህን ሰባቱን ቢተዉአቸው ምን ይሆናል ብለው ይፈራሉ?» ሲባል ዝም ትላለች። ንግግሩ የሚጀምረው እዚያ ዝምታ ላይ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በእጇ ያለው የእሷ ሙከራ ነው፤ ለምሳሌ ለሁለት ሳምንት ባለሙያዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲተራረሙና እሷ የቀሩትን ሦስቱን ዓይነት ስህተቶች ብቻ እንድትመለከት።

ይህ የሚሠራው ሥራውን ታውቀዋለች፣ ሥልጣኑም አላት፣ ሆኖም አላደረገችውም በሚል መነሻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ኮች አትጥሩ።

ከመወሰናችሁ በፊት፦ የ20 ደቂቃ ማጣሪያ

ጥያቄውን ያቀረበውን የክፍል ኃላፊ ፊት ለፊት አግኙት፤ በደብዳቤ መመላለስ አይበጅም። በሚከተለው ቅደም ተከተል ጠይቁት፤ የመጀመሪያው «የለም» ላይ ስትደርሱ ቁሙ።

1. ሰውየው የሚጠበቅበትን በግልጽ ተነግሮት ያውቃል? በምን ቃል፣ መቼ? ካልተነገረው ኃላፊው ዛሬውኑ ይንገረው፤ ገንዘብ አይወጣም።
2. እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል? ካላወቀ ስልጠና፣ ወይም አብሮት የሚሠራ ነባር ባለሙያ።
3. ሥልጣን፣ ጊዜ፣ የሰው ኃይልና መሣሪያ አለው? ከሌለው የማኔጅመንት ውሳኔ ወይም የአሠራር ጥናት።
4. ጤናው ደህና ነው? አጠራጣሪ ከሆነ የጤና ባለሙያ።
5. ጉዳዩ የዲሲፕሊን ጥፋት አለመሆኑ ታይቷል? ጥፋት ከሆነ ሕጉና የኅብረት ስምምነቱ በሚያዙት ይሂድ።
6. ራሱ ይፈልጋል?

አምስተኛው ላይ ኃላፊዎች ይዋዥቃሉ። ማስጠንቀቂያ መጻፍ ስለሚከብዳቸው «እስቲ ኮች ያናግረው» ይላሉ። ሠራተኛው ያኔ ኮቹን የሚያየው እንደ መርማሪ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚገባው ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት፤ ኮቺንግ ካስፈለገም ጉዳዩ ከተዘጋ በኋላ ይምጣ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ያ ሁሉ ጊዜ ሠራተኛው የሚያስፈልገው ጥሩ ትውውቅና የቅርብ ኃላፊው በየሳምንቱ የሚሰጠው ግልጽ አስተያየት ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣ ኮች ሥራውን ሳያሟሙቅ ቀኑ ያልቃል።

ስድስተኛውን በኃላፊው ቃል አትቀበሉ። ሰውየውን ራሱን ለብቻው ጠይቁት፤ «እሺ፣ ምን ችግር አለው» የሚል መልስ ፈቃደኝነት አይደለም። «በምን ጉዳይ ላይ ቢሆን ይጠቅመኛል ትላለህ?» ብላችሁ አስከትሉ። አንድ ነገር መጥቀስ ካልቻለ ጊዜው ገና ነው።

ሁለት ሠራተኞች ተኳርፈው ሥራ ከቆመ ደግሞ የሚፈለገው አስታራቂ ነው። ኮች የአንድ ወገን ሰው ሆኖ ስለሚሠራ ሁለቱን እያፈራረቀ ማናገሩ ነገር ያባብሳል። በየመሥሪያ ቤቱ ሁለቱም የሚያከብሯቸው፣ ቃላቸው የሚሰማ ነባር ሰዎች አይጠፉም፤ እነሱን ለምኑ።

ሜንተሪንግ የራሱ ወጥመድ አለው

ሜንተሪንግ ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ስለማያስወጣ ቀላል ይመስላል። አዲስ ለተሾሙ፣ በተለይም በሙያው ውስጥ መንገድ ለሚፈልጉ ወጣቶች ከኮቺንግ ይልቅ ይጠቅማል ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ገና ልምድ ያላካበተን ሰው «አንተስ ምን ታስባለህ?» እያሉ ማመላለስ ማሰቃየት ነው። ከ9 እስከ 12 ወር፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል መገናኘት ይበቃል።

እኛ ጋ የሚበላሸው በአንድ በኩል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰልጣኙ «የእገሌ ሰው» ተብሎ ይፈረጃል። ሜንተሩ ከዳይሬክተሩ ጋር የተጋጩ ዕለት ጦሱ ለልጁም ይተርፋል። ይህን ለመከላከል ሦስት ነገር አድርጉ፦ ሜንተሩ ከሰልጣኙ ክፍል ውጭ ይሁን፤ በዕድገት ኮሚቴ ላይ የሰልጣኙ ስም ሲነሳ ሜንተሩ ከስብሰባው ይውጣ፤ ጥንዶቹ ሲመደቡ ምደባው በግልጽ ማስታወቂያ ይነገር እንጂ በሹክሹክታ አይሁን። በአንድ ጊዜ አሥር ጥንድ ከሆኑ ማንም የማንም ሰው አይባልም።

የሦስትዮሽ ስምምነቱ

ኮቺንግ ነው የሚያስፈልገው ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ኮቹ፣ ተገልጋዩና የቅርብ ኃላፊው ለ45 ደቂቃ ያህል አብረው ይቀመጡ። የሰው ሀብት ክፍል ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የግዥ ክፍሉ ውል ሌላ ነው፤ እሱ ስለ ዋጋና ስለ ደረሰኝ ነው። ይህኛው ስምምነት ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም፤ ቢያንስ እነዚህ ይግቡበት፦

ግቡ፤ ቢበዛ ሁለት፣ በሚታይ ነገር የተጻፈ። «የአመራር ብቃቷን ማሳደግ» ግብ አይደለም። «የዕለት ፋይል እርማቱን ለቡድኑ አስረክባ እስከ ሰኔ በሳምንት ሁለት ቀን ስትራቴጂ ሥራ ላይ መዋል» ግብ ነው።

ብዛቱ፤ ከ6 እስከ 8 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ፣ በየሁለት ሳምንቱ። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ከተገናኙ የሚሞከር ነገር አይሞከርም፤ ወር ካለፈ ክሩ ይበጠሳል።

ሪፖርቱ፤ ኮቹ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቀው የተገናኙበትን ቀንና የቀረውን ብዛት ብቻ ነው። ስለ ግቡ መሻሻል የሚናገረው ተገልጋዩ ራሱ ነው፤ በመካከልና በመጨረሻ በሚደረጉ የሦስትዮሽ ስብሰባዎች ላይ።

ልዩ ሁኔታው፤ ምስጢር የማይጠበቀው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ከባድ ወንጀል ሲገለጥና ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይነገር።

መሰረዣው፤ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የተሰረዘ እንደተደረገ ይቆጠራል። ይህ አንቀጽ ከሌለ እያንዳንዱ አስቸኳይ ስብሰባ ኮቺንጉን ይበላዋል።

የተከለከለው፤ ኮቺንግ መውሰድም ሆነ ማቋረጥ በግል ማኅደር ውስጥ ለምዘና ወይም ለዲሲፕሊን ማስረጃ አይሆንም።

ስምምነቱ ተፈርሞም የቅርብ ኃላፊው ኮቹን አሳንሰር ውስጥ ይዞ «እንዴት ናት ታዲያ፣ ለውጥ አለ?» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛው መልስ «እሷን ይጠይቋት፤ መካከለኛው ስብሰባችን ጥር 20 ነው» የሚል ነው። ኮቹ በዚያች ሰዓት «ኧረ ጎበዝ ናት» ካለ እንኳ ምስጢሩ ተሰብሯል፤ ዛሬ ያመሰገነ ነገ ዝም ሲል ዝምታው ወሬ ይሆናል።

ቦታና ሰዓት

በመሀል አዲስ አበባ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አብዛኞቹ አዳዲስ ሕንፃዎች ቢሮ በመስታወት የተከፋፈለ ነው፤ የተገልጋዩ ፊት ከኮሪደር ይታያል። ምድር ቤት ያለው ካፌ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከኋላ ያለው ወንበር ላይ የዚያው ሕንፃ ሰው ተቀምጧል። ከተቻለ ኮቹ ቢሮ፣ ካልሆነ ከተገልጋዩ ክፍል ርቆ በሌላ ወለል ያለ መጋረጃ ያለው የስብሰባ ክፍል ያዙ። ሆቴል ሎቢ አይሁን።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተጀመረ ክፍለ ጊዜ፣ ተገልጋዩ የሠራተኛ ሰርቪስ የሚጠቀም ከሆነ፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሰዓት በማየት ያልቃል። የወር ምርጫም አለው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 በሚዘጋ ተቋማት ከግንቦት አጋማሽ በኋላ አትጀምሩ። ጥቅምት ወይም ጥር ይሻላል። በቪዲዮ መሥራት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ግን በአካል ይሁን፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ በስልክ ለመቀጠልም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

በ60 ደቂቃው ውስጥ

በብዙ ኮቾች ዘንድ የሚሠራበት ቅደም ተከተል አራት ደረጃ አለው፦ ግብ፣ ያለው ሁኔታ፣ አማራጮች፣ ቁርጠኝነት። ደቂቃው ሲከፋፈል በግምት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ባለፈው የተባለው ምን ላይ እንደደረሰ። ቀጥሎ 10 ደቂቃ የዛሬው ርዕስና ሰዓቱ ሲያልቅ ምን ይዞ መውጣት እንደሚፈልግ። 30 ደቂቃ ሁኔታውንና አማራጮቹን መፈተሽ። 10 ደቂቃ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚደረግና ማን እንዲያውቀው እንደሚፈለግ መወሰን። ቀሪው 5 መዝጊያ።

ጀማሪ ኮቾች ሁለተኛዋን 10 ደቂቃ ይዘሏታል። ተገልጋዩ ሦስት ችግር አከታትሎ ሲያወራ የመጀመሪያውን ይዘው ይሮጣሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ዋናው ሦስተኛው እንደነበር ይታወቃል። «ከእነዚህ ሁሉ ዛሬ አንዱን ብቻ ብንነካ የትኛው ይሁን?» የምትል ጥያቄ ይህን ታድናለች።

አነጋገር ላይ ሦስት ነገር ይጠበቅ። «ለምን» ብሎ መጠየቅ በቢሮ ጆሮ ምርመራ ይመስላል፤ «ለምን አልነገርካቸውም?» የተባለ ሰው ራሱን ይከላከላል። «ለመናገር ምን ያዘህ?» ቢባል ይናገራል። ሁለተኛ፣ ምክር በጥያቄ ልብስ መምጣት የለበትም። «ለአለቃህ ኢሜይል ብትጽፍለትስ አይሻልም?» ጥያቄ አይደለም። ኮቹ ሐሳብ ካለው ፈቃድ ጠይቆ በግልጽ ይናገር፣ ከዚያ ኳሱን ይመልስ። ሦስተኛ፣ ከጥያቄ በኋላ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ዝም ማለት። የአሥር ሰከንድ ዝምታ በእኛ ቤት ረጅም ነው፤ እንግዳ አስተናጋጅነታችን «ማለቴ…» እያለ እንዲሞላው ይገፋናል። አይሞላ።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። ተገልጋዩ ኮቹን ደስ ለማሰኘት ይስማማል። በተለይ ኮቹ በዕድሜ ከገፋ «እርስዎ ካሉ» ብሎ ዕቅድ ይዞ ይሄዳል፣ አያደርገውም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያፍራል፣ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ኮቹ ወጣት ተገልጋዩ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ተገልጋዩ አስተማሪ ይሆንና ሰዓቱ በወግ ያልቃል። መድኃኒቱ ተግባራዊ ነው። በመጀመሪያው ቀን «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» እንደሚባባሉ ይስማሙ፤ አንዱ ወገን ብቻ «አንተ» የሚልበት ሚዛን ጥሩ አይሆንም። ዕቅዱን ተገልጋዩ በራሱ እጅ ጽፎ ያንብበው፣ ኮቹ አይጻፍለት። ከዚያ «ይህን ላለማድረግ የሚያስገድድህ ምን ሊመጣ ይችላል?» ተብሎ ይጠየቅ። እውነተኛው እንቅፋት የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ሳያደርገው ለመጣ ሰው ደግሞ ወቀሳም ማጽናኛም አይሰጥ፤ «ምን አየህበት?» ይበቃል።

አለቃ ኮች ሊሆን ይችላል?

በሥራ አስኪያጆች ስልጠና ላይ «ኮች ሁኑ» ይባላል፤ ግማሽ እውነት ነው። ኃላፊ የኮቺንግን አጠያየቅ ሊጠቀም ይችላል፤ የ15 ደቂቃ ንግግር ውስጥ ሁለት ጥሩ ጥያቄ ብዙ ይሠራል። የሠራተኛው ኮች መሆን ግን አይችልም፣ ምክንያቱም ዕድገቱና ደመወዙ በእጁ ነው። ሠራተኛው «ሥራው ሰልችቶኛል» ብሎ ለአለቃው በነጻነት አይናገርም፤ ቢናገርም አለቃው እንዳልሰማ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ኃላፊው የቱን እያደረገ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገር። «ይህን ወስኛለሁ፤ እንዴት እንደሚፈጸም ግን አንተ ንገረኝ» ሐቀኛ ነው። ውሳኔውን በልቡ ይዞ «ምን ታስባለህ?» እያለ ሠራተኛው ራሱ እንዲደርስበት ማዞር ግን ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ማንም ጥያቄውን አያምነውም።

ኮች ስትመርጡ

የአይ ሲ ኤፍ ማረጋገጫ ሦስት ደረጃ አለው። መነሻው፣ ኤ ሲ ሲ የሚባለው፣ ቢያንስ 60 ሰዓት ስልጠናና 100 ሰዓት ተግባራዊ ኮቺንግ ይጠይቃል፤ መካከለኛው ፒ ሲ ሲ 125 ሰዓት ስልጠናና 500 ሰዓት ኮቺንግ፤ ከፍተኛው ኤም ሲ ሲ 200 ሰዓት ስልጠናና 2,500 ሰዓት ኮቺንግ። ለመካከለኛ ኃላፊ የመጀመሪያው በቂ ነው። ማረጋገጫ የሌለው ጥሩ ኮችም ይኖራል፤ ያኔ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ የት እንደሰለጠነ፣ ሥራውን የሚያይለት ሱፐርቫይዘር እንዳለው ጠይቁ። አዳራሽ ሞልቶ የሚያነቃቃ ተናጋሪ ሌላ ሙያ ነው፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ይችላሉ፣ ብዙዎቹ ግን ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ መስማት ይከብዳቸዋል።

የግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲመርጥ አትተዉት። ቴክኒካል መስፈርቱን ያለፉ ሁለት ኮቾች ለተገልጋዩ የ30 ደቂቃ ትውውቅ ይስጡ፣ ተገልጋዩ ራሱ ይምረጥ። በትውውቁ ላይ ኮቹ ከግማሽ በላይ ካወራ ወይም በአሥረኛው ደቂቃ መፍትሔ መስጠት ከጀመረ መልሱ ታውቋል። «ከእኔ ጋር የማይሠራው ምን ዓይነት ጉዳይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል አይቀጠር። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ እንደማንኛውም አገልግሎት ይጠየቃሉ። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ሲጀመር፣ ከመካከለኛው የሦስትዮሽ ስብሰባ በኋላ፣ ሲያልቅ። በውጤት የሚከፈል ኮቺንግ አታድርጉ፤ ኮቹ ተገልጋዩን ወደ ግቡ መጎተት ይጀምራል።

ኮች የሚያቆምበት ቦታ

ተገልጋዩ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ካስጠላው፣ መጠጥ ሥራውን ማወክ ከጀመረ፣ ኮቹ ሥራውን አቁሞ ወደ ጤና ባለሙያ ይምራው። ስለ መሞት ካወራ ያን ቀን ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ብቻውንም አይተው። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ የታወቀው ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለዚህ የሚያውቀው «ኮቺንጉ ለጊዜው ቆሟል» የሚለውን ብቻ ነው። ሰውየው ሕክምና እየተከታተለ ሐኪሙ ሲስማማ ኮቺንጉ ሊቀጥል ይችላል።

ውጤቱን እንዴት ታያላችሁ

«ኮቹ እንዴት ነበር?» የሚል መጠይቅ አታስሞሉ፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ይላል። ከመጀመሩ በፊት ሁለት የሚታዩ ነገሮች ምረጡና ቁጠሩ። በብድር ክፍሉ ምሳሌ፣ በሳምንት ስንት ፋይል ከኃላፊዋ ጠረጴዛ ለእርማት ይመለሳል፣ በሳምንት ስንት ቀን ከ12 ሰዓት በፊት ትወጣለች። ያንኑ ሲያልቅና ከ3 ወር በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ ሲያልቅ ተሻሽሎ ከ3 ወር በኋላ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታይ የቀረ የማኑዋል ወይም የሰው ኃይል ችግር አለና ወደ ማጣሪያው ሦስተኛ ጥያቄ ተመለሱ።

ተገልጋዩ ማራዘሚያ ከጠየቀ አዲስ ግብና አዲስ የሦስትዮሽ ስብሰባ ይኑር። አዲስ ግብ ካልተገኘለት አይራዘም፤ በዚያው ከቀጠለ ኮቹ የሚከፈለው የወሬ ባልደረባ ይሆናል። በግል ማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ገጹ ስምምነትና የክፍያ ደረሰኞቹ ብቻ ናቸው፤ የኮቹ ማስታወሻ ኮቹ ጋ ይቀራል፣ ማኔጅመንቱ ቢጠይቅም አይሰጥም።